የሐኪሞቻችን ጭንቀት፦ ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና

ይህን የኢዮቤልዩ መጽሔት ለማዘጋጀት የማኅበራችንን የቆዩ መዝገቦች ስናገላብጥ አንዲት አጭር መስመር ዓይናችንን ያዘችው። በ2012 ዓ.ም. የእንቅስቃሴ እገዳ ወቅት በስልክ እየተነጋገርን ከያዝናቸው ቃለ ጉባኤዎች በአንደኛው፣ ስለ ዱቄትና ዘይት ክፍፍል እንዲሁም የቤት ኪራይ ስላቃታቸው ወገኖች ከተጻፉት ረጃጅም ውሳኔዎች ግርጌ፣ «በአንድ ግቢ ነዋሪዎች መካከል ስለተፈጠረው አለመግባባት ሽማግሌዎች ሄደው እንዲያነጋግሩ» ይላል። ሌላ የተጨመረበት ነገር የለም። አለመግባባቱ ምን እንደነበረ የምናውቅ ሰዎች ግን ዛሬም አለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በእንዲህ ዓይነቱ መጽሔት ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ማኅበሩ መቼ እንደተመሠረተ፣ እነማን በሊቀ መንበርነት እንዳገለገሉ፣ ምን ምን እንደተሠራ ነው። ያ ሁሉ በሌሎቹ ገጾች ላይ አለ። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ከታሪካችን የተዘለለውን ነው፤ ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ የሚቆመውን ሰው ፍርሃት። ለጅቡቲ ከተማ ነዋሪ ይህ የቅንጦት ጨዋታ አይደለም። የምንኖረው በወደብ ላይ ነው። ከመርከብ የወረደ ሁሉ፣ ዕቃም ሆነ በሽታ፣ በቅድሚያ የሚያገኘው እኛን ነው፤ ከዚያም በሐዲዱና በአስፋልቱ ወደ አገራችን ይጓዛል።

ከሁሉ የሚታወሰው አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት ነው። የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ሲሆን አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ፣ 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ሆነ። ሕዝቡ ገና በዚህ እየተደነቀ ሳለ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዓለምን ያጥለቀለቀው የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታት። በሽታው ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ በዚሁ ሐዲድ ወደ መሐል አገር ሳይገባ እንዳልቀረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በአውሮፓ ጦርነቱ ያበቃው ኅዳር 2 ቀን ነበር፤ በእኛ አገር ግን በዚያው ሰሞን መቃብር ቆፋሪ ጠፍቶ ነበር። በጊዜው ራስ ተፈሪ የነበሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው እንዳለቀና እርሳቸውም በጠና ታመው እንደተረፉ ጽፈዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ መከራ መታሰቢያ ነው። እዚህ ጅቡቲ እንኳ እናቶቻችን በዚያች ቀን ትንሽ ነገር ሳያጨሱ አያልፉም፤ ጎረቤት የሆኑ የአገሬው ሰዎች ሲጠይቋቸው ማስረዳቱ ግን እስከ ዛሬ ያስቸግራቸዋል።

በዚህ ሁሉ ትረካ ውስጥ ሐኪሙ የለበትም። የሞተው ተቆጥሯል፣ የተረፈው ተመስግኗል። በከተማዋ ግን በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች የሆኑ ሐኪሞች ነበሩ። እነዚያ ሰዎች የሚዋጉትን አያውቁትም ነበር። ፔኒሲሊን የተገኘው ከአሥር ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ የሰውን ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣው ቫይረስ ተለይቶ የታወቀውም በ1933 ነው። ሐኪሙ ትኩሳት ከማብረድና «ውኃ ስጡት፣ ይተኛ» ከማለት ያለፈ ነገር በእጁ አልነበረም። ጠዋት ያየው ጎልማሳ ማታ ሬሳ ሆኖ ሲያገኘው፣ ቀጥሎ ወደሚጠብቀው ቤት ምን ብሎ እንደገባ መገመት አያስቸግርም። በሽታው የባሰው በሽማግሌው ሳይሆን በወጣቱና በጎልማሳው ላይ ነበር፤ ይህም ማለት በሐኪሙ በራሱ እኩዮች ላይ ማለት ነው።

ስለ ኮሌራም ጥቂት እንበል። እ.ኤ.አ. በ1961 ከኢንዶኔዢያ የተነሣው ሰባተኛው የኮሌራ ወረርሽኝ በ1970 ጅቡቲንም ኢትዮጵያንም ደረሰ፤ በ1990ዎቹም ወደዚህች ከተማ ተመላልሷል። ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ሰውን አድርቆ የሚገድል አስፈሪ በሽታ ነው። ነገር ግን ሐኪሞች ሲያወሩ እንደሰማነው ከኮሌራ ጋር መዋል እንደ ሌላው አያሸብርም፤ ምክንያቱም ጉሉኮሱ ከተሰቀለና ጨውና ስኳር የተቀላቀለበት ውኃ በጊዜ ከተሰጠ፣ ዓይኑ የጎደጎደው በሽተኛ በማግስቱ ተነሥቶ ይቀመጣል። እጅ ባዶ ካልሆነ ፍርሃት ቦታ ያጣል። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን።

የዚህች ከተማ ሐኪሞች እነማን ነበሩ? ለረጅም ዘመን አብዛኞቹ እንደ እኛው ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። በፈረንሳይ ዘመን የጦር ሐኪሞች ነበሩ፤ ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቻይና የሕክምና ቡድኖች እየተፈራረቁ መጥተዋል፤ የኩባ ሐኪሞችም ሠርተዋል። ጅቡቲ የራስዋን የሕክምና ፋኩልቲ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስለዚህ በፔልቲዬ ሆስፒታል ኮሪደር የቆመ ሐኪም ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ የራቀ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና አማርኛ የሚናገር በሽተኛ በአስተርጓሚ የሚያክም ሰው ነበር። ስደት ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ወረርሽኝ ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል ግን ያየነው በ2012 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በፊት ዓለም ትምህርት ያገኘባቸው ሁለት ወረርሽኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ የተባለው በሽታ ከያዛቸው 8,098 ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል የጤና ሠራተኛ ነበር። በሽታውን ለይቶ ያሳወቀው ጣሊያናዊው ሐኪም ካርሎ ኡርባኒም በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በበሽታው ሞተ። በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ የተደረገ ጥናት ደግሞ በሽታው ከጠፋ ከዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ ሳርስን ያከሙት ሠራተኞች ከሌሎቹ ይልቅ ድካምና የመንፈስ ጭንቀት ይታይባቸው እንደነበር አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲመታ ከ500 በላይ የጤና ሠራተኞች ሞቱ፤ የሴራሊዮኑ ዶክተር ሼክ ኡማር ካን አንዱ ናቸው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አካባቢ 187 ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች በፈቃዳቸው በአፍሪካ ኅብረት በኩል ወደ ላይቤሪያ፣ ሴራሊዮንና ጊኒ ዘመቱ። ወደ ኮሪያና ወደ ኮንጎ ስለዘመቱት ወታደሮቻችን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እነዚህ ግን በበዓል ቀን እንኳ ሲወሳ አንሰማም። ይህ ቅሬታችን ነው፤ እዚህ ላይ ተናግረነዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ እዚህ ጅቡቲ ከአምስት ቀን በኋላ መጋቢት 9 ቀን ከስፔን የጦር ቡድን ጋር በመጣ አንድ ወታደር ላይ ታወቀ። መጋቢት 14 ቀን ከተማዋ ተዘጋች። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ተዘጋ። የዚያን ዓመት ፋሲካ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ በየክፍላችን ሆነን በስልክ ነው «እንኳን አደረሳችሁ» የተባባልነው፤ የሙስሊም ወንድሞቻችን ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት ገባ። መንግሥት ብዙ ሰው ይመረምር ስለነበር የተያዙት ቁጥር በፍጥነት ወጣ፤ እ.ኤ.አ. አፕሪል ሳያልቅ ከ1,000 አለፈ። አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ላላት አገር ይህ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት ነበር። ቀድሞ የፈረንሳይ ጦር ሆስፒታል የነበረው ቡፋር ለኮሮና በሽተኞች ሆነ። በወሩ መጨረሻም አዲስ አበባን ጎብኝቶ የመጣ የቻይና ባለሙያዎች ቡድን እዚህ ደረሰ።

በዚህ መሐል የእኛው ልጅ የሆነ አንድ ሐኪም በከተማው ይሠራ ነበር። ስሙን እንዳንጠቅስ አደራ ብሎናል፣ የሠራበትንም ቤት አንጠቅስም። ለዚህ መጽሔት ብለን ቡና ጠርተን ስናነጋግረው መጀመሪያ «ምንም የተለየ ነገር የለም፣ ሥራ ነው» አለን። ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው የተናገረው።

«የራሴን ሞት ከመፍራት ይልቅ እጄን ፈራሁት» አለን። የበሩን መያዣ ሲነካ፣ ስልኩን ሲያነሣ፣ በሽተኛውን አይቶ ወደሚቀጥለው ሲሄድ እጁ ነፍሰ ገዳይ የሚሆን ይመስለው ነበር። ታጥቦ ታጥቦ ቆዳው ተሰነጠቀ። ማስክ እጥረት ስለነበር አንዱን ማስክ ከሚገባው በላይ ያደርገው ነበር፤ «ዛሬ አልተበከለም» ብሎ ራሱን ያሳምናል፣ ማታ ደግሞ «ተበክሎ ቢሆንስ» እያለ ያድራል። በላስቲክ ልብስ ተጠቅልሎ በጅቡቲ ሙቀት ስድስት ሰዓት መቆም ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻም፤ ላቡ ከጓንቱ ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር አለን። ጉሮሮውን ባከከው ቁጥር «ያዘኝ» ይላል። በሌሊት ተነሥቶ ሽቶ ያሸት ነበር፤ ማሽተት ከጠፋ ምልክቱ ነው ስለተባለ። ይህን ሲነግረን ራሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን፤ ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

እናቱ ደሴ ናቸው። በየማታው ይደውላሉ።

«ልጄ፣ እነዚያን በሽተኞች አንተ አታያቸውም አይደል?»

«አላይም እማዬ፣ እኔ ቢሮ ነው ያለሁት፣ ወረቀት ነው የምሠራው።»

ይህን ውሸት ሁለት ወር ሙሉ ዋሸ። ድንበሩ ተዘግቷል፣ አውሮፕላን የለም፤ እርሳቸው ቢታመሙ አይደርስም፣ እርሱ ቢሞት አይደርሱም። በመሳቢያው ውስጥ ገንዘቡ የት እንዳለና ለማን እንደሚሰጥ በወረቀት ጽፎ አስቀምጦ ነበር። ሐኪም ስለሆነ የሚሞትበትን መንገድ ከእኛ በተሻለ ያውቀዋል፤ እኛ በጨለማ ፈራን፣ እርሱ በብርሃን ፈራ።

ይህ ጭንቀት የእርሱ ብቻ አልነበረም። በቻይና በ34 ሆስፒታሎች በ1,257 ሐኪሞችና ነርሶች ላይ በወረርሽኙ መጀመሪያ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የታተመው ጥናት ግማሾቹ የድብርት፣ ከመቶ 45 ያህሉ የጭንቀት ምልክት እንዳላቸው፣ ከሦስቱ አንዱም እንቅልፍ እንዳጣ አገኘ። በአገራችንም ነገሩ የታወቀ ነበር። የመጀመሪያዎቹን በሽተኞች የተቀበለው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ከዚያ በፊት የአእምሮ ሕክምና ይሰጥ የነበረ ቤት ነው። በየሆስፒታሉ ያሉ ወጣት ሐኪሞች ግን በደህናው ቀን እንኳ በዲዩቲ ብዛት የሚንገላቱ ነበሩ፤ ወረርሽኙ ከመምጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ስለ ሥራቸው ሁኔታ በአደባባይ እስከመጮኽ ደርሰው ነበር። ኮሮና የመጣው በዚህ ድካም ላይ ነው።

ሐኪማችንን «ታዲያ ምን አሳረፈህ?» ብለን ጠየቅነው። በቴሌቪዥን «ጀግኖቻችን» መባሉ ይሆናል ብለን ነበር። ራሱን ነቀነቀ። «ጀግና ከተባልክ በኋላ ፈራሁ ማለት አትችልም» አለን። ያሳረፉትን ቆጠረልን፤ ሁሉም ትንንሽ ነገሮች ናቸው። የምርመራ ውጤት በሰዓቱ መምጣት። ትርፍ ልብስ በመደርደሪያ ላይ ማየት። ከሁለት ቀን ሥራ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን መተኛት። አለቃው «አላውቅም፣ ነገ እንጠይቃለን» ብሎ እውነቱን መናገሩ። አንድ ሌላ ደግሞ አለ፤ በሰፈሩ የሚኖሩ እንጀራ ሻጭ እናት በየቀኑ ምሳ በፌስታል አድርገው ከደጁ ያኖሩና ከመንገዱ ማዶ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ወጥቶ ካልወሰደ አይሄዱም። «ዶክተር፣ ከስተሃል» ይሉታል ከማዶ። ሌላ ቃል አይጨምሩም። በፋሲካ ዕለት ዶሮው ከነእንቁላሉ መጣ።

እዚህ ላይ ብናቆም ለማኅበራችን መልካም ስም ይሆን ነበር። ነገር ግን ቃለ ጉባኤው አለ።

በዚያው ወር ከእኛው እኅቶች አንዷ፣ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ የሆነች፣ ሰባት ቤተሰብ በሚኖርበት የቆርቆሮ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። ቧንቧው አንድ፣ መጸዳጃው አንድ ነው። ከወረርሽኙ በፊት የግቢው ልጆች ሲታመሙ በሌሊት የሚቀሰቅሱት እርሷን ነበር፤ የደም ግፊት የምትለካው፣ መርፌ የምትወጋው በነፃ ነበር። ከተማው በተዘጋ በሳምንቱ የቡና ስኒዋ ለብቻው ተቀመጠ። ቀጥሎ ልጆቹ «ሲስተር» እያሉ ወደ እርሷ ሲሮጡ እናቶቻቸው ጎትተው ይመልሷቸው ጀመር። ቀጥሎ ውኃ የምትቀዳበት ሰዓት ተለየላት። በመጨረሻ ነዋሪዎቹ ተሰብስበው በሽታው እስኪያልፍ ሌላ ቦታ ትፈልግ አሉ። ሙሉ ከተማ በተዘጋበት ጊዜ የት እንድትሄድ እንደፈለጉ የተናገረ አልነበረም።

ማኅበሩ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ እኛ ነበርን፤ ይህን ከምንጽፈው መካከል ሁለታችን። ግቢው በር ላይ ቆመን፣ ማስክ አድርገን፣ ራቅ ብለን አነጋገርናት። የግቢው ሰዎች ፍርሃት ገባን፤ ሕፃናት አሉ፣ አሮጊት አለች። የእርሷ ፍርሃት ግን አልገባንም፤ እንዲያውም ሐኪም ቤት የምትሠራ ሰው ትፈራለች ብለን አላሰብንም። «አንቺ ልጅ፣ ለጊዜው ነው፣ አትቀየሚን» አልናት። አልተከራከረችም። ልብሷን በአንድ ሻንጣ ይዛ ወጣች፤ ቀጣዮቹን ሳምንታት በምትሠራበት ቤት የዕቃ ክፍል ውስጥ በካርቶን መካከል አደረች። ቀን ስትፈራው የዋለችውን አየር ሌሊትም ስትተነፍሰው አደረች ማለት ነው። በግንቦት ወር እገዳው ሲላላ ክፍሏ ለሌላ ሰው ተከራይቶ ነበር።

በዚያ ዘመን የተገፋችው እርሷ ብቻ አይደለችም። በጋላፊና በደወሌ በኩል የሚመላለሱት የከባድ መኪና ሾፌሮቻችንም «በሽታ አምጪ» ተብለው በየመንገዱ ምግብ የሚሸጥላቸው አጥተው ነበር፤ የአገራችን የገቢና ወጪ ንግድ ከመቶ 90 በላይ የሚያልፈው በእነርሱ መንገድ ሆኖ ሳለ። ስለ ሾፌሮቹ ግን ማኅበራችን ጮኾ ተናግሯል፤ ደብዳቤውም በመዝገብ አለ። ስለ ነርሷ የተጻፈው ከላይ የጠቀስነው አንድ መስመር ነው።

በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ የማርበርግ በሽታ መግባቱ ሲረጋገጥ፣ ከተያዙት መካከል የጤና ባለሙያዎች እንዳሉበት በዜና ሰማን። ያን ምሽት ከእኛ አንዱ ለሐኪማችን ደወለለት፤ ስለ በሽታው ለመጠየቅ ነው ብሎ ነበር የጀመረው፤ ሲያወሩ ግን የተነጋገሩት ስለ ጂንካዎቹ ነርሶች ነበር፤ ማታ የት እንደሚያድሩና ማን ምሳ እንደሚያመጣላቸው።

ለዚህ በዓል ጥሪ ስንበትን የነርሷን አድራሻ አፈላልገን አገኘን። አሁንም በዚችው ከተማ፣ በሌላ ሰፈር ናት። ሁለታችን ካርዱን ይዘን ሄድን፣ በዚህ ጊዜ ከበር ላይ አልቆምንም፤ ገብተን ተቀመጥን፣ ይቅርታም ጠየቅን። ቡና አፈላችልን። ስለ ዕቃው ክፍል ስንጠይቃት «ሙቀቱ ነበር ያስቸገረኝ» ብላ ወሬውን ለወጠችው። ስንወጣ ካርዱን አንብባ ቀኑን በጣቷ ቆጠረች።

«ዲዩቲ ካልሆንኩ እመጣለሁ» አለችን።